በሐሰት ለተነቀፈ ሰው፤ ስለ ዝምታና ስለ መልካም ትዕግሥት

ምስጋና ሁሉ ልቦች የሸሸጉትን ለሚያውቀው፣ ምላሶች ያጣመሙትን ለሚያቀናው ለአላህ ይሁን። የአላህ እዝነትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይውረድ። ከዚህ በኋላ፤

ይህን የምታነብ ወንድሜ ሆይ! በቤትሽም ሆነሽ ሲነበብ የምትሰሚ እኅቴ ሆይ! ነጋዴ ከሆንህ ኪሳራ ምን እንደሆነ እኔ አላስረዳህም። ጨውህን ዝናብ ያቀልጥብሃል፤ ቡናህ በመጋዘን ይሻግትብሃል፤ በዱቤ የሰጠኸው ገንዘብ ሳይመለስ ይቀራል። ይህ ሁሉ ያማል፤ ነገር ግን አላህ የፈቀደ እንደሆነ በሌላ ዓመት ይተካል። ከዚህ የባሰ ሌላ ኪሳራ አለ። እርሱም ያልሠራኸውን ሠራ፣ ያልበላኸውን አደራ በላ እየተባለ ስምህ በገበያው መካከል ሲዞር ነው። ትናንት ሰላምታ ያበዛልህ የነበረው ሰው ዛሬ ፊቱን ሲያዞር፣ ሸሪክህ መዝገቡን ሁለት ጊዜ ሲቆጥር፣ ልጆችህም ከመድረሳ አንገታቸውን ደፍተው ሲመለሱ ታያለህ። ያንጊዜ ምላስህ ምን ያድርግ? የዚህ ትምህርት ጉዳይ ይህ ነው።

ብዙ ሰው መንገዱ ሁለት ብቻ ይመስለዋል። አንደኛው በየሱቁ እየዞሩ መሐላ መደርደር ነው፤ ሁለተኛው ስምን ያጠፋውን ሰው ስሙን መልሶ ማጥፋት ነው። በተማሪነቴ ዘመን አንድ የማር ነጋዴ አውቅ ነበር። ማሩን በስኳር ይበርዛል ተብሎ ተወራበት፤ ወሬውም ሐሰት ነበር። ሰውየው ግን ገዢ በመጣ ቁጥር፣ ገዢው ምንም ሳይጠይቀው፣ በአላህ ስም እየማለ ማሩ ንጹሕ መሆኑን ይናገር ጀመር። ከሩቅ አገር የመጣው፣ ወሬውን ከቶ ያልሰማው ሰው ሁሉ ከራሱ ከባለማሩ አፍ ሰማና እየተጠራጠረ ሄደ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በንግድ ላይ መሐላ ማብዛት ዕቃውን ቢያሸጥም በረከቱን እንደሚያጠፋ አስተምረዋል፤ ለዚህ ሰው እንዲያውም ዕቃውንም አላሸጠለትም። በኋላ አንዲት አሮጊት አክስቱ፣ የማሩን እንስራ ከፍተህ አስቀምጠው፤ አንተም አፍህን ዝጋ ብለው መከሩት። ምክራቸው ከብዙ ኪታብ የበለጠ መስሎ ታየኝ።

ሦስተኛው መንገድ ዓሊሞች መልካም ትዕግሥት ብለው የሚጠሩት ነው። ትርጓሜውም፣ ሰው ሐዘኑን በፍጡር ፊት ሳያንጠለጥል ለፈጣሪው ብቻ የሚያሰማበት ትዕግሥት ነው። ሐዘን የሌለበት ትዕግሥት ማለት ግን አይደለም። ይህን መንገድ ከሁሉ ይበልጥ ያስተማረን ደግሞ በነቢዩ ቤት ውስጥ የደረሰው መከራ ነው፤ ዐረቦች ሐዲሱል ኢፍክ፣ ማለት የውሸቱ ወሬ የሚሉት ነው።

ነገሩ የሆነው ነቢያችን ከበኑ አል-ሙስጠሊቅ ዘመቻ ሲመለሱ ነው። ዘመኑንም ከፊሎቹ የታሪክ ጸሐፊዎች በሒጅራ 5ኛው ዓመት፣ ከፊሎቹም በ6ኛው ያደርጉታል፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 627 ገደማ መሆኑ ነው። የምእምናን እናት ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በጉዞው ነበሩ። የሒጃብ ትእዛዝ ከወረደ በኋላ ስለሆነ፣ በግመል ላይ በሚጫን ዙሪያውን በተጋረደ መቀመጫ፣ በሀውደጅ ውስጥ ሆነው ይጓዙ ነበር። ለመዲና ቀረብ ካለ ስፍራ ሠራዊቱ ሌሊት ሰፈረ። ለመነሣት ጥሪ በተደረገ ጊዜ እርሳቸው ለጉዳያቸው ከሰፈሩ ወጣ ብለው ነበር። ሲመለሱ እጃቸውን ወደ ደረታቸው ቢሰዱ፣ ከየመን ከዘፋር በሚመጣው ዶቃ የተሠራው ድሪያቸው ተበጥሶ ወድቋል። ሊፈልጉት ተመለሱ። ሀውደጁን የሚጭኑት ሰዎችም እርሳቸው በውስጡ ያሉ መስሏቸው አንሥተው በግመሉ ላይ አሰሩት። በዚያ ዘመን ሴቶች ምግባቸው ጥቂት፣ ሰውነታቸውም ቀላል ነበረ፤ ዓኢሻም ገና ለጋ ነበሩና ክብደቱ መጉደሉን ማንም አላስተዋለም።

ድሪውን አግኝተው ሲመለሱ በሰፈሩ ጠሪም መላሽም የለም። ማጣታቸውን ሲያውቁ ይመለሱልኛል ብለው ከነበሩበት ስፍራ ተቀመጡ፤ እንቅልፍም ወሰዳቸው። ከሠራዊቱ ኋላ ይመጣ የነበረው ሰፍዋን ኢብኑ ሙዐጠል በንጋት ደረሰና ከሒጃብ በፊት አይቷቸው ስለነበር ዐወቃቸው። ደንግጦ ሁላችንም የአላህ መሆናችንንና ወደርሱም ተመላሾች መሆናችንን የሚያወሳውን ቃል ጮኾ ሲናገር ነቅተው ፊታቸውን ሸፈኑ። ከዚህ ቃል በቀር አንዲት ንግግር አልተናገራቸውም። ግመሉን አንበረከከላቸው፤ ወጡ፤ እርሱም በእግሩ እየሄደ ልጓሙን ይዞ መራ። ሠራዊቱ በቀትር ሐሩር ዐርፎ ሳለ ደረሱበት። የሆነው ነገር ይኸው ነው፤ ከዚህ ሌላ የለም።

ከዚህ ላይ ግን የመናፍቃን አለቃ ዐብዱላህ ኢብኑ ኡበይ ወሬውን አንሥቶ በዐይነት በዐይነቱ ጎነጎነው። አስተውል! እርሱ በግልጥ ምስክርነት አልሰጠም፤ ሌሎች ሲያወሩ ያዳምጣል፣ ያወጣጣል፣ ያባዛል። ወሬ ሻጭ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ሸቀጡ ሲያዝ ባለቤቱ እርሱ እንዳይሆን አስቀድሞ በሰው ትከሻ ያስጭነዋል። በትከሻቸው የተሸከሙት ደግሞ መናፍቃን ብቻ አልነበሩም። በበድር የተዋጉት ሚስጠሕ፣ ነቢዩን በግጥም የሚከላከሉት ሐሳን ኢብኑ ሳቢት፣ የነቢዩ ሚስት የዘይነብ እኅት ሐምና ቢንት ጀሕሽ ከወሬው ገቡበት። ሐምና ይህን ያደረጉት ለእኅታቸው በመቅናት ነው፤ ባለጉዳይዋ ዘይነብ ግን ስለ ዓኢሻ በተጠየቁ ጊዜ ጆሮዬንና ዐይኔን እጠብቃለሁ፣ ከመልካም በቀር የማውቀው የለም በማለት ምላሳቸውን ሰበሰቡ። ከነቢዩ ሚስቶች መካከል በማዕርግ ከዓኢሻ ጋር ይፎካከሩ የነበሩት እርሳቸው ነበሩ። ዕድሉ በእጃቸው ሳለ አልተጠቀሙበትም። ከአንተ ሱቅ ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ሰው ስለ አንተ ክፉ ወሬ ሲሰማ ምን ያደርጋል? አንተስ ስለ እርሱ የሰማህ ዕለት ምን አደረግህ?

ዓኢሻ መዲና እንደ ገቡ ታመው አንድ ወር ያህል ተኙ። ከተማው ሁሉ ሲያወራ እርሳቸው ምንም አላወቁም። ያሳሰባቸው ነገር ቢኖር፣ ነቢዩ ሲታመሙ የሚያሳዩአቸው የነበረው ርኅራኄ መጉደሉ ነው፤ ይገቡና በቤት ያሉትን እንዴት ናት ብለው ጠይቀው ይወጣሉ። ከሕመማቸው ሲያገግሙ አንድ ሌሊት ከሚስጠሕ እናት ጋር ወደ ሜዳ ወጡ። ሴትየዋ ቀሚሳቸው አደናቀፋቸውና የገዛ ልጃቸውን ረገሙ። ዓኢሻ በበድር የተዋጋን ሰው እንዴት ትሳደቢያለሽ ብለው ተቆጡ፤ ለሚያሟቸው ሰው ሳያውቁ ጥብቅና ቆሙ ማለት ነው። ወሬውንም ያንጊዜ ሰሙ፤ ሕመማቸውም ተመልሶ ተነሣባቸው።

ወደ ወላጆቻቸው ቤት ለመሄድ ነቢዩን ፈቃድ ለመኑ፤ ተፈቀደላቸውም። እናታቸው ኡሙ ሩማን፣ ባሏ የሚወዳት መልከ መልካም ሴት ጣውንቶች ሲኖሯት ወሬ እንደማይቀርላት ነግረው ነገሩን ሊያቀሉላቸው ሞከሩ። እንባቸው ሳይደርቅ፣ ዐይናቸው ሳይከደን ሌሊቱ ነጋ፤ ቀኑም፣ ቀጥሎ የመጣው ሌሊትም እንዲሁ ሆነ። ልቅሶው ጉበታቸውን የሚሰነጥቅ እስኪመስላቸው ደረሰ። ከዚህ ላይ በዘገባው ውስጥ ብዙ ሰው የሚዘልላት አንዲት ሴት አለች፤ እኔ ግን ሁልጊዜ ትታወሰኛለች። ከአንሷር ወገን የሆነች ሴት አስፈቅዳ ገባች፤ ተቀምጣም ከዓኢሻ ጋር አለቀሰች። ስሟ አልተነገረም፤ የተናገረችው ቃልም አልተነገረም። እኅቴ ሆይ! ጎረቤትሽ በሐሰት የተነቀፈች ዕለት ነገሩ እውነት ነው ወይ ብለሽ ለመመርመር ከመሄድ ይልቅ፣ ይህችን ስመ ስውር ሴት ሁኚ።

ነቢያችንስ ምን አደረጉ? እርሳቸውም በዚያ ወር ወሕይ አልወረደላቸውም። ዓሊሞች ከዚህ ላይ አንድ ትልቅ ነገር አስተውለዋል፤ ቁርኣን እርሳቸው ከልባቸው የሚያወጡት ቢሆን ኖሮ፣ በሚወዷት ሚስታቸው ላይ የወደቀውን ነገር በማግስቱ በቆረጡት ነበር። ነገር ግን እንደ ማንኛውም ባል ጠበቁ፤ ጠየቁ። ዐሊይንና ኡሳማ ኢብኑ ዘይድን አማከሩ። አገልጋይዋን በሪራን ጠሩና ያየሽው የሚያጠራጥር ነገር አለ ወይ ብለው ጠየቁ። በሪራም፣ ልጅ ናቸውና ያቦኩትን ሊጥ ትተው እንቅልፍ ሲወስዳቸው የቤት በግ መጥታ ትበላዋለች፤ ከዚህ በቀር ነውር አላየሁም የሚል ቃል ሰጠች። እውነተኛ ምስክር ይህን ይመስላል፤ ያየውን ይናገራል፣ ለማጣፈጥ የሚጨምረው የለውም። ከዚያም ነቢዩ በሚንበር ላይ ወጥተው ስለ ቤተሰባቸው ክብር ሲናገሩ የአውስና የኸዝረጅ ሰዎች እርስ በርስ ተነሣሡና ለጠብ ጥቂት ቀራቸው፤ ነቢዩ ዝም እስኪሉ ድረስ አበረዷቸው። አንድ የሐሰት ወሬ፣ ነቢይ በመካከላቸው ያሉበትን ሕዝብ ለደም እስከማድረስ ከደረሰ፣ የእኛን ትንሽ ገበያማ ምን ያደርጋት!

ከዚያ በኋላ ነቢዩ ወደ አቡበክር ቤት መጡ፤ ወሬው ከተነገረ ወዲህ በዓኢሻ አጠገብ ተቀምጠው አያውቁም ነበር። ተቀመጡና፣ ንጹሕ ከሆነች አላህ ንጽሕናዋን እንደሚገልጥ፣ ኃጢአት ከሆነም ተውበት እንድታደርግ ነገሯቸው። ዓኢሻ ይህን በሰሙ ጊዜ እንባቸው በአንድ ጊዜ ደረቀ፤ ጠብታም አልቀረ። አባታቸው እንዲመልሱላቸው ጠየቁ፤ አቡበክር የምመልሰውን አላውቅም አሉ። እናታቸውን ጠየቁ፤ እርሳቸውም እንዲሁ። ሁለቱም ልጃቸውን ሳይጠራጠሩ ቃል አጡ። እንግዲህ ከቁርኣን ገና ብዙ ያላጠናች ወጣት ብቻዋን ቀረች ማለት ነው።

የተናገሩትም አጭር ነው። ንጹሕ ነኝ ብል ወሬው በልባችሁ ተተክሏልና አታምኑኝም፤ አላህ ንጽሕናዬን እያወቀ አድርጌአለሁ ብል ግን ታምኑኛላችሁ፤ ስለዚህ የዩሱፍ አባት ከተናገሩት በቀር ለእኔም ለእናንተም ምሳሌ አላገኘሁም፤ የሚል ነበረ። ከሐዘናቸው ብዛት የያዕቆብን ስም እንኳ ረስተው የዩሱፍ አባት ብለው ጠሯቸው። የያዕቆብም ቃል፣ ልጆቻቸው በሐሰተኛ ደም የተነከረውን ቀሚስ ይዘው በመጡ ጊዜ፣ መልካም ትዕግሥትን መርጠው እርዳታን ከአላህ መጠየቃቸው ነበር። ይህን ብለው ዓኢሻ በፍራሻቸው ላይ ፊታቸውን አዞሩ።

ወንድሜ ሆይ! በዚህች ፊት ማዞር ላይ ጥቂት ቆይ። ይህ የኩርፊያ ዝምታ አይደለም፤ በደለኛ መልስ ሲያጣ ዝም የሚለው ዝምታም አይደለም። እውነቱን አንድ ጊዜ በአጭሩ ተናገሩ፤ ቃል ከዚያ በላይ እንደማይሠራ ዐወቁ፤ የቀረውን ለሚችለው ተዉለት። ኋላም ሲተርኩ፣ አላህ ንጽሕናቸውን እንደሚገልጥ እርግጠኛ እንደ ነበሩ፣ ነገር ግን ሰዎች የሚያነቡት ቁርኣን ይወርድልኛል ብለው ከቶ እንዳላሰቡ፣ ተስፋቸው ነቢዩ በሕልም እንዲያዩ ብቻ እንደ ነበረ ተናግረዋል። በአላህ መመካት ይህን ይመስላል። የሚመጣበትን መንገድ አያዝዙትም፤ መምጣቱን ግን አይጠራጠሩም።

ነቢዩ ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ ከቤቱም ማንም ሳይወጣ ወሕይ ወረደ። ቀኑ የብርድ ቀን ሳለ ላባቸው እንደ ሉል ይንጠባጠብ ነበር። ገለጥ ሲልላቸው እየሣቁ መጀመሪያ የተናገሩት አላህ ዓኢሻን ንጹሕ ማድረጉን ነበር። እናታቸው ተነሥተሽ ወደ ነቢዩ ቅረቢ ሲሏቸው፣ አልነሣም፣ ከአላህም በቀር የማመሰግነው የለም አሉ። ከአን-ኑር ምዕራፍ ከ11ኛው አንቀጽ ጀምሮ ያለው የዚያን ዕለት ወረደ፤ እነሆ እስከ ዛሬ በየመስጊዱ ይነበባል። በዚያው ውስጥ አላህ ለምእምናን፣ ይህ ወሬ ክፉ ነገር እንዳይመስላቸው፣ ይልቁንም ለእነርሱ በጎ መሆኑን ነግሯቸዋል። በጎነቱ ያንጊዜ ለማን ይታይ ነበር?

አሁን ግን ጠያቂ ሊጠይቅ ይችላል። እኔ በቃዲ ፊት ብከሰስ፣ ሸሪኬ ገንዘቤን ወሰደ ቢለኝ፣ ዝም ብዬ ገንዘቤን ላስወስድ ወይ? ይላል። አይደለም። ዝምታ የሚባለው በወሬ ፊት ነው፤ በፍርድ ፊት ሌላ ነው። የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ በአል-በቀራ 282ኛው ሲሆን፣ የሚናገረውም ስለ ጦርነት ወይም ስለ ጾም ሳይሆን ዕዳን በጽሑፍ ስለ ማስፈርና ምስክር ስለ ማቆም ነው፤ ምስክርም በተጠራ ጊዜ እምቢ እንዳይል ያዝዛል። በሸሪዓ ማስረጃ ማቅረብ የከሳሽ ግዴታ ነው፤ መሐላም የሚክደው ነው። እንግዲህ መዝገብህን ይዘህ ቅረብ፤ ምስክርህን አቁም፤ ከዚያ ከወጣህ በኋላ ግን በቡና ላይና በጥላ ሥር ፍርዱን እንደገና አታንሣው።

ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ሦስቱንም ሁኔታ ያሳዩናል። የሹሙ ሚስት በደጃፍ ላይ ስትከሳቸው ዝም አላሉም፤ የፈለገችኝ እርሷ ናት ብለው አንዲት ቃል ብቻ መለሱ። ከቤተሰቧም አንድ መስካሪ ቀሚሳቸው ከኋላ ከተቀደደ እውነተኛው እርሳቸው መሆናቸውን ፈረደ። ንጽሕናቸው ታውቆም ሳለ ታሰሩ። ከብዙ ዓመት በኋላ ንጉሡ ሊያስፈታቸው መልእክተኛ ሲልክ፣ ሌላ ሰው ቢሆን በሩ ሳይዘጋ ይሮጥ ነበር፤ እርሳቸው ግን እጃቸውን የቆረጡት ሴቶች ጉዳይ አስቀድሞ ይመርመር ብለው መልእክተኛውን መለሱት። ከወህኒ መውጣት ብቻ አልበቃቸውም፤ በንጹሕ ስም መውጣትን ፈለጉ። ሦስተኛው ደግሞ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ነው። በግብፅ ላይ ባለሥልጣን ሆነው ሳሉ ወንድሞቻቸው ከፊታቸው ቆመው፣ ማንነታቸውን ሳያውቁ፣ ይህ ልጅ ከሰረቀ ወንድሙም ቀድሞ ሰርቋል ብለው አሟቸው። ሥልጣን በእጃቸው ነው፤ ሐሜተኞቹ በእጃቸው ናቸው። ዩሱፍ ግን ነገሩን በልባቸው ሸሸጉት፤ አልገለጡትም። ደካማ ሰው ዝም ቢል መቻል አቅቶት ነው ሊባል ይችላል። የዩሱፍን ዝምታ ግን ማንም እንዲህ ብሎ ሊተረጉመው አይችልም።

ለመሬትና ለርስት ጠበኞች ደግሞ የሰዒድ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ.) ታሪክ ይበቃቸዋል። እርሳቸው የገነት ብሥራት ከተሰጣቸው ከዐሥሩ ሰዎች አንዱ ናቸው። አርዋ የምትባል ሴት መሬቴን ወሰደ ብላ የመዲና ገዥ በነበረው በመርዋን ፊት ከሰሰቻቸው። ሰዒድም፣ የሰውን መሬት ስንዝር ታህል በግፍ የወሰደ ሰው ሰባቱ ምድር በአንገቱ እንደሚጠመጠምበት ከነቢዩ ከሰሙ በኋላ እንዴት ሊወስዱ እንደሚችሉ ጠየቁ። መርዋንም ከዚህ በኋላ ማስረጃ አልጠይቅህም አለ። ሰዒድ ግን መሬቱን ለርሷ ተዉላት፤ ውሸቷን ከሆነ ዐይኗን አላህ እንዲያጠፋና በመሬቷ ላይ እንድትሞት ለመኑ። ሴትየዋ ታወረች፤ ግድግዳ እየዳበሰች ስትሄድ በመሬቷ ካለ ጉድጓድ ወድቃ ሞተች። ይህን ስትሰማ ግን ተጠንቀቅ! ብዙ ሰው ከዚህ ታሪክ የሚይዘው እርግማኑን ብቻ ነው። ሰዒድ አስቀድመው መሬቱን መልቀቃቸውን ይረሳል። አንተ ግን መሬቱንም ይዘህ፣ ስድቡንም ተሳድበህ፣ እርግማኑንም ልትጨምርበት ትወዳለህ።

ሰው ወደ ሐሜት የሚገባበትን በር ራሱ መክፈት እንደሌለበትም ዕወቅ። ነቢያችን በኢዕቲካፍ ሳሉ ባለቤታቸው ሰፊያ ሌሊት ሊጠይቋቸው መጥተው ነበር፤ ሲሸኟቸው ሁለት የአንሷር ሰዎች አይተው ፈጠን ብለው አለፉ። ነቢዩ አስቁመው ሴቲቱ ሰፊያ መሆናቸውን ነገሯቸው፤ ሸይጣን በሰው ውስጥ እንደ ደም ይዘዋወራልና። እነዚያ ሰዎች ምንም አልጠየቁም ነበር። እንግዲህ የአደራ ገንዘብ ከራስህ ገንዘብ ጋር ቀላቅለህ፣ ሚዛንህን ሳታስተካክል፣ ደረሰኝ ሳትሰጥ ከቆየህ በኋላ ሰው ቢጠረጥርህ፣ መከራዬ እንደ ዓኢሻ መከራ ነው አትበል።

ወሬውን የሚሰማው ሰው ያለበት ግዴታ ከተወራበት ሰው ግዴታ አያንስም። በመዲና በዚያ ወር አቡ አዩብ አል-አንሷሪን ሚስታቸው ሰዎች ስለ ዓኢሻ የሚሉትን ሰምተሃል ወይ ብለው ጠየቋቸው። እርሳቸውም፣ አንቺ ይህን ታደርጊው ነበር ወይ ብለው መለሱላቸው። አላደርገውም አሉ። እንግዲያውስ ዓኢሻ ካንቺ ይበልጣሉ አሏቸው፤ ነገሩ በዚያ ቤት በዚሁ ሞተ። ለመመርመር አልወጡም፤ ለሌላም አላስተላለፉም። ሰውን በዝሙት የከሰሰ አራት ምስክር ካላመጣ 80 ግርፋት እንዲገረፍ፣ ተውበትም ካላደረገ ምስክርነቱ እንዳይቀበሉት በዚያው በአን-ኑር ምዕራፍ ተደንግጓል። የሐዲስ መጻሕፍት እንደሚዘግቡት ሚስጠሕ፣ ሐሳንና ሐምና በዚህ ሕግ ተቀጥተዋል። ያንን ቅጣት የተቀበሉት ወሬውን የፈጠሩት ሳይሆኑ የተቀባበሉት መሆናቸውን ልብ በል።

በዚህ ታሪክ ሌላም የሚረሳ ሰው አለ፤ ሰፍዋን ነው። እርሱም እንደ ዓኢሻ በሐሰት ተነቅፏል፤ በሕይወቱ የማንኛዪቱንም ሴት መጋረጃ አልገለጥሁም ይል ነበር፤ ኋላም በአላህ መንገድ ተገደለ። ነገር ግን ኢብኑ ኢስሐቅ እንደ ጻፈው፣ የሐሳን ግጥም ሲደርሰው ትዕግሥቱ አለቀና ሐሳንን በሰይፍ መታው። ሰዎች ይዘው አሰሩት፤ ነገሩ ከነቢዩ ዘንድ ደረሰ። ነቢዩም ሐሳን ቁስላቸውን ይቅር እንዲሉ ለምነው፣ በምትኩ ርስት ሰጧቸው። እነሆ፣ ተበዳዩ በአንዲት የቁጣ ሰዓት በዳይ ሆነ፤ ሐሜተኛው ደግሞ ካሳ ተቀባይ ሆነ። ንጹሕ ሰው እጁን ሲያነሣ በደሉን ከሌላው ትከሻ አንሥቶ በራሱ ላይ ይጭናል።

ስለ ይቅርታም የቀረ ነገር አለ። ሚስጠሕ የአቡበክር ዘመድና ድኻ ነበሩ፤ ቀለባቸውን የሚሰጧቸው አቡበክር ናቸው። እንግዲህ በአቡበክር እንጀራ እየኖሩ የአቡበክርን ልጅ አሙ። የዓኢሻ ንጽሕና በታወቀ ጊዜ አቡበክር ከእንግዲህ አንዲት ሳንቲም አልሰጠውም ብለው ማሉ። ማን ይፈርድባቸዋል? ያንጊዜ 22ኛው አንቀጽ ወረደ፤ የሀብትና የበጎነት ባለቤቶች ለዘመድና ለድኻ መስጠትን በመሐላ እንዳይከለክሉ፣ ይቅር እንዲሉ አዘዘ፤ አላህ ለእነርሱ ይቅር እንዲል ይወዱ እንደሆነም ጠየቃቸው። አቡበክር እወዳለሁ አሉና ቀለቡን መለሱ፤ ከቶም አላቋርጠውም ብለው ዳግመኛ ማሉ።

ዓኢሻም ይህን ከአባታቸው አይተዋል። ከብዙ ዓመት በኋላ ሐሳን አርጅተው፣ ዐይናቸው ጠፍቶ ሊጠይቋቸው ይመጡ ነበር፤ ዓኢሻም እንዲገቡ ይፈቅዱላቸው ነበር። አንድ ቀን መስሩቅ የተባሉት ዓሊም፣ ያን ያህል የተናገረብዎትን ሰው እንዴት ያስገቡታል ብለው ጠየቋቸው። ዓኢሻም ከዐይን መጥፋት የከበደ ምን ቅጣት አለ አሉ፤ ቀጥለውም ሐሳን በግጥማቸው ስለ ነቢዩ ይከላከሉ እንደ ነበር አወሱላቸው። የእኅታቸው ልጅ ዑርዋም አንድ ጊዜ በፊታቸው ሐሳንን መስደብ ሲጀምሩ፣ ተዋቸው፣ አትስደባቸው ብለው ከልክለዋቸዋል።